ፖል ባራንና እምብርት የሌለው መረብ

መሐንዲስ ፖል ባራን በ1926 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚያን ጊዜ በፖላንድ ግዛት፣ ዛሬ በቤላሩስ በምትገኘው በግሮድኖ ከተማ ተወለዱ። በ1928 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ አባታቸውም በፊላደልፊያ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፈቱ። ባራን በ1949 ከድሬክሰል በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ፤ ቀን እየሠሩ ማታ ሲማሩ ቆይተውም በ1959 ራንድ ወደተባለው የምርምር ድርጅት ገቡ።

ዘመኑ ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት በኑክሊየር መሣሪያ የተፋጠጡበት ነበር። የአሜሪካ የረጅም ርቀት ስልክ በጥቂት ታላላቅ ማዞሪያ ጣቢያዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ እነርሱ ቢመቱ ትእዛዝ ማስተላለፍም ሆነ ማገድ አይቻልም የሚል ሥጋት አደረ። ጣቢያዎች ሁሉ ከአንድ እምብርት ጋር ከተያያዙ፣ እምብርቱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ እምብርቶችን ማብዛትም አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስወግደውም። ስለዚህ ባራን እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ ዓሣ ማጥመጃ መረብ ከጎረቤቶቹ ጋር ብቻ እንዲያያዝ አሰቡ። በኮምፒዩተር ሲፈትኑትም፣ አንድ ጣቢያ ሦስት ወይም አራት መስመር ያህል ቢኖረው፣ ብዙዎቹ ቢወድሙ እንኳ ከተረፉት አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው መገናኘት እንደሚችሉ አረጋገጡ። መልእክቱ በ1024 ቢት ቁራጮች ይከፋፈላል፤ ቁራጩ የደረሰው ጣቢያ እንደ ትኩስ ድንች በእጁ ሳያቆይ፣ በጊዜው ወደተሻለው መስመር ያሳልፈዋል። የበላይ አዛዥ ጣቢያ አያስፈልገውም።

ጥናቱ በ1964 በተከታታይ ጥራዞች ወጣ። የአገሪቱን ስልክ በሞኖፖል የያዘው ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ግን ሐሳቡን አልተቀበለም። መሐንዲሶቹ ዕድሜያቸውን በአናሎግ ስልክ የፈጁ ነበሩ፤ ደግሞስ እምብርቱን የያዘ ድርጅት እምብርት የሌለው መረብ ይሠራል ብሎ ማን ይጠብቃል?

በ1965 አየር ኃይሉ ሥራውን ሊጀምር ሲነሣ፣ ኃላፊነቱ ለመከላከያ መገናኛ ድርጅት እንዲሰጥ ተወሰነ። ባራን ይህ መሥሪያ ቤት በዲጂታል ሥራ በቂ ዕውቀት እንደሌለው ያውቁ ነበር። ሥራው ተበላሽቶ ቢቀር፣ ሐሳቡን ደግሞ የሚሞክረው እንደማይገኝ ገምተው፣ የደከሙበት ዕቅድ እንዲቆም ራሳቸው መከሩ። ለአንድ መሐንዲስ ከዚህ የከበደ ውሳኔ አይኖርም።

በእንግሊዝ ዶናልድ ዴቪስ ከባራን ሳይሰማ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደረሰ፤ ፓኬት የሚለውን ስም ያወጣውም እርሱ ነው። በ1969 ሥራ የጀመረው አርፓኔት ከሁለቱም ሥራ ተጠቅሟል። አርፓኔት ለኑክሊየር ጦርነት ተሠራ የሚባለው ግን ስሕተት ነው፤ የተሠራው ተመራማሪዎች ኮምፒዩተሮችን እንዲጋሩ ነበር።

የባራን ጥንቃቄ በሽቦና በጣቢያ አልተወሰነም። በ1966 የዜጎችን መዝገብ በአንድ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ለመሰብሰብ በታሰበ ጊዜ፣ በምክር ቤት ፊት ቀርበው የግል ሕይወት ሊደፈር እንደሚችል አስጠነቀቁ። ዛሬ ፓኬቱ በብዙ መንገድ ይጓዛል፤ የሕዝቡ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ግን በአብዛኛው በጥቂት ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከላት ይከማቻል።

በ1985 ሜትሪኮምን ከመሠረቱት አንዱ ባራን ነበሩ። ኩባንያው በኋላ በመንገድ መብራት ምሰሶዎች ላይ ትናንሽ ሬዲዮኖችን ሰቅሎ፣ ፓኬቱን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እንዲያቀባብሉ አደረገ። በ2001 ከሰረ። ባራን በ2011 በፓሎ አልቶ በ84 ዓመታቸው አረፉ።