አብርሃም ሊንከን፦ የስፕሪንግፊልድ ጠበቃ

አብርሃም ሊንከን በዓለም ዘንድ የታወቀው የአሜሪካ 16ኛ ፕሬዚዳንት በመሆኑና ባርነትን በመዋጋቱ ነው። ነገር ግን ወደዚያ ከፍተኛ ሥልጣን ከመድረሱ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ የኖረው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በጥብቅና ሥራ እየተዳደረ ነው። ስለዚህ የሊንከንን ጠባይና አስተሳሰብ ለመረዳት የጠበቃነት ዘመኑን መመልከት ይገባል።

ሊንከን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 12 ቀን 1809 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት፣ ከግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ገበሬና አናጢ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱን በሞት አጣ። በኋላ የመጣችው እንጀራ እናቱ ግን እንደ ወለደችው ልጅ አድርጋ አሳደገችው፤ ለንባብ የነበረውንም ፍቅር አበረታታች። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ቀን በእርሻና እንጨት በመፍለጥ እየደከመ፣ በተረፈው ጊዜ በውሰት መጻሕፍት ራሱን አስተማረ።

በ1831 ከአባቱ ቤት ወጥቶ ኒው ሳሌም በምትባል የኢሊኖይ መንደር ተቀመጠ። ከአንድ ሰው ጋር በሽርክና የያዘው ሱቅ ከሰረ፤ ሸሪኩም በሞተ ጊዜ የሁለቱም ዕዳ በእርሱ ላይ ወደቀ። ሊንከን ግን አገር ጥሎ አልጠፋም፤ ብዙ ዓመት ቢፈጅበትም ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። በዚሁ መንደር የፖስታ ቤት ሹምና መሬት ቀያሽ ሆኖ ሠራ። በ1834 የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል ሆነ። ጆን ስቱዋርት የተባለ ጠበቃ ሕግ እንዲያጠና መክሮ መጻሕፍት አዋሰው። ሊንከንም ያለ አስተማሪ አጥንቶ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ገብቶ ከስቱዋርት ጋር መሥራት ጀመረ።

በዚያን ዘመን የአንድ ትንሽ ከተማ ሙግት ብቻውን ጠበቃን በወጉ አያስተዳድርም ነበር። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ዳኛውና ጠበቆቹ አብረው ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየተዘዋወሩ ያስችሉ ነበር። ሊንከን የሚከተለው ተዘዋዋሪ ችሎት በሰፋበት ጊዜ 14 አውራጃዎችን ያካልል ነበር። ጭቃውንና ሜዳውን በፈረስ ወይም በጋሪ እያቋረጡ፣ ማታ በየማረፊያው አንድ አልጋ ለሁለት እየተጋሩ ያድሩ ነበር። ሊንከን ደብዳቤዎቹንና ሰነዶቹን በረጅሙ ባርኔጣው ውስጥ ይይዝ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ከ5,000 በላይ ጉዳዮችን ይዟል፤ የሚበዙትም የዕዳ ክርክሮች ነበሩ። ጎረቤታሞች ከመካሰስ ይልቅ ቢታረቁ እንደሚሻል ያምን ስለነበር፣ ሲቻል ባለጉዳዮቹን ያስማማ ነበር።

ከጉዳዮቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የ1858ቱ የነፍስ ግድያ ክስ ነው። ተከሳሹ ወጣት፣ ሊንከን በድህነቱ ዘመን በቤቷ ያበላችው የሐና አርምስትሮንግ ልጅ ነበር። ዋናው ምስክር ድርጊቱን በሌሊት በጨረቃ ብርሃን አይቻለሁ አለ። ሊንከን ቃሉን ደጋግሞ እንዲያረጋግጥ ካደረገው በኋላ፣ የጨረቃን መውጫና መግቢያ ሰዓት የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ አቀረበ። በተባለው ሰዓት ጨረቃ ለመጥለቅ ተቃርባ ነበር። ወጣቱ በነፃ ተለቀቀ፤ ሊንከንም ከእናቲቱ ምንም ገንዘብ አልተቀበለም።

ይሁን እንጂ የጠበቃነት ታሪኩ በሙሉ የሚያስመሰግን አይደለም። በ1841 ናንስ የምትባል ጥቁር ሴት በተሸጠችበት ጉዳይ ተከራክሮ፣ በኢሊኖይ ሰውን መሸጥ ሕገ ወጥ መሆኑን የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲወስን አድርጓል። በ1847 ግን ሮበርት ማትሰን ለተባለ የኬንታኪ ባለርስት ቆመ። ማትሰን ጄን ብራያንት የተባለችውን ሴትና አራት ልጆቿን በባሪያነት ለማስመለስ ይከራከር ነበር። ፍርድ ቤቱ እናቲቱና ልጆቿ ነፃ ናቸው ብሎ ስለፈረደ ሊንከን ተረታ፤ መረታቱም ለአምስት ነፍሳት ነፃነት ሆነ። ከሁለቱ ጉዳዮች እንደምንረዳው፣ የጠበቃ አንደበት ለተበዳይም ለበዳይም ሊያገለግል ይችላል። ሕጉ ራሱ በደልን ሲፈቅድ፣ የጠበቃ ችሎታ ብቻውን ፍትሕን ሊያስገኝ አይችልም።

በ1854 ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዲስፋፋ መንገድ የሚከፍት ሕግ በወጣ ጊዜ ሊንከን ወደ ፖለቲካ ትግል ተመለሰ። በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በየካቲት 1861 ስፕሪንግፊልድን ሲለቅ፣ ተመልሶ ሥራውን እንደሚቀጥል ለሸሪኩ ለዊልያም ሄርንደን ነግሮ፣ የቢሮው ሰሌዳ ከቦታው እንዳይነሣ አሳሰበ። ብዙም ሳይቆይ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በጥር 1 ቀን 1863 በዐመፁት ግዛቶች የሚገኙ ባሮች ነፃ መሆናቸውን አወጀ፤ ባርነትን ከመላ አገሪቱ የሚሽረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም በ1865 መጀመሪያ በምክር ቤቱ እንዲያልፍ ታገለ። ማሻሻያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲጸና ግን ሊንከን በሕይወት አልነበረም። በሚያዝያ 14 ቀን 1865 በዋሽንግተን ቴአትር ቤት ውስጥ ተተኩሶበት በማግሥቱ ሞተ። ወደ ስፕሪንግፊልድ የተመለሰው አስከሬኑ ብቻ ነበር፤ በዚያም ተቀበረ።

መልመጃ
1. ሊንከን የሸሪኩን ዕዳ ጭምር መክፈሉ ስለ ጠባዩ ምን ያስረዳል?
2. የ1841ና የ1847 ጉዳዮች በምን ይለያያሉ?
3. ጠበቃ በዳይ መሆኑን ለሚያውቀው ሰው መቆም ይገባዋልን? አሳባችሁን በሁለት አንቀጽ ግለጹ።