ራግናር ፍሪሽ፦ ከአንጥረኛ ወንበር እስከ ኢኮኖሜትሪክስ

በተግባራዊ ኢኮኖሜትሪክስ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የሪግሬሽን ሠንጠረዥ ማንበብን ይለምዳል። ሠንጠረዡ የሚሰውረው ነገር እንዳለ ቀድመው ካስጠነቀቁት ሊቃውንት አንዱ ኖርዌያዊው ራግናር ፍሪሽ ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከዚሁ ማስጠንቀቂያ አንጻር ይዳስሳል።

ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1895 በዛሬዋ ኦስሎ ከተማ፣ ለትውልዶች በወርቅና በብር አንጥረኝነት ከኖረ ቤተሰብ ተወለዱ። የአባታቸውን ሙያ እንዲወርሱ ቢታሰብም እናታቸው ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ወተወቱ። ኢኮኖሚክስን የመረጡትም አጭሩና ቀላሉ ትምህርት ሆኖ ስላገኙት ነበር። በ1919 ትምህርታቸውን፣ በ1920 ደግሞ የአንጥረኝነት ሥልጠናቸውን አጠናቀቁ። ከዚያም በፈረንሳይና በእንግሊዝ ቆይተው፣ በ1926 በሒሳባዊ ስታቲስቲክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ኢኮኖሜትሪክስ የሚለውን ቃል በዛሬ ትርጉሙ ያስተዋወቁት በዚያው ዓመት በፈረንሳይኛ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው።

በ1930 መጨረሻ የኢኮኖሜትሪክ ማኅበር በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። ማኅበሩ ከ1933 ጀምሮ ያሳተመውን ኢኮኖሜትሪካ መጽሔትም ከሃያ ዓመታት በላይ በዋና አዘጋጅነት መርተዋል።

በ1933 ከፍሬድሪክ ዎ ጋር ያቀረቡት ጥናት የዘመኑን ክርክር ቋጨ። የጊዜን አዝማሚያ ከየተለዋዋጩ አስቀድሞ ማውጣትም ሆነ ጊዜን ራሱን እንደ ተለዋዋጭ ቀመሩ ውስጥ ማስገባት ተመሳሳይ ኮኤፊሸንት እንደሚሰጥ አረጋገጡ። በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ገላጭ ተለዋዋጮች አብረው ሲንቀሳቀሱ የየብቻቸውን ተጽዕኖ መለየት እንደሚያዳግት አሳዩ። በዚህ ሁኔታ ተለዋዋጭ መጨመር ዕውቀትን ከማዳበር ይልቅ ውጤቱን ትርጉም አልባ ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ተለዋዋጮችን በየስብስባቸው እየቀያየሩ ማስላትና ኮኤፊሸንቶቹ መጽናታቸውን በሥዕል መመርመር ነበር።

ዘዴው ግን አድካሚ ከመሆኑም በላይ ፍሪሽ በኢኮኖሚ መረጃ ላይ የፕሮባቢሊቲን ንድፈ ሐሳብ መጠቀምን ይጠራጠሩ ስለነበር መደበኛ የፍተሻ መሠረት አልነበረውም። ጥርጣሬያቸውን የተሻገረው የገዛ ረዳታቸው ትሪግቬ ሃቬልሞ ነው። በ1943 ፍሪሽ በናዚ ወረራ ሥር በምትገኘው አገራቸው ታሰሩ፤ እስከ ጥቅምት 1944 ድረስም በእስር ቆዩ። በዚያው በ1944 አሜሪካ የነበረው ሃቬልሞ ኢኮኖሜትሪክስን በፕሮባቢሊቲ ላይ የመሠረተውን ሥራ አሳተመ። የዛሬው የመማሪያ መጽሐፍ የሚከተለው የደቀ መዝሙሩን መንገድ ነው።

ፍሪሽ በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከያን ቲንበርገን ጋር ተጋርተው፣ በ1973 አረፉ። ዘዴያቸው ቢረሳም ጥያቄያቸው አልተረሳም። ስታንዳርድ ኤረር የሚታመነው ሞዴሉ ትክክል እስከሆነ ድረስ ነው፤ የሞዴሉን ትክክለኛነት ግን ራሱ አይመሰክርም። ዛሬ ተመራማሪው ተለዋዋጮችን እየጨመረና እየቀነሰ በተከታታይ ዐምዶች ውጤቱን ሲያቀርብ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ሳያውቀው የፍሪሽን ፈለግ ይከተላል። አንጥረኛ ወርቁን ደጋግሞ በእሳት እንደሚፈትን፣ ተመራማሪም ውጤቱን ለፖሊሲ ከማቅረቡ በፊት ደጋግሞ ሊፈትነው ይገባል።