ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከእንዶድ አረፋ የበሽታ መከላከያ ያገኙ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት

እ.ኤ.አ. 1964 የስብ ኬሚስትሪ በዓለም አደባባይ የከበረበት ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ኮንራድ ብሎክ እና ፌዮዶር ሊነን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ሕያው አካል ኮሌስትሮልንና የስብ አሲዶችን እንዴት እንደሚሠራና እንደሚቆጣጠር በማስረዳታቸው የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተጋሩ። በዚያው ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በአድዋ ከተማ በሚገኝ ወንዝ ዳር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ልብስ የሚያጥቡ እናቶችን ሥራ በጥሞና ይመለከቱ ነበር። ሁለቱ ክንውኖች በውጭ ሲታዩ ዝምድና ያላቸው አይመስሉም። ይሁን እንጂ ዶክተር አክሊሉ ለማ በእንዶድ አረፋ ውስጥ ያገኙት ኃይል የሚመነጨው፣ ሁለቱ ተሸላሚዎች ከመረመሩት የስብ አሠራር ነው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1935፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከመውረሯ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቅቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

ወጣቱ ተመራማሪ ትኩረታቸውን የጣሉት ቢልሃርዝያ በተባለው በሽታ ላይ ነበር። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ጥገኛ ትሉን ለይቶ ካወቀው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው ራሱ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል፤ የትሉ እንቁላል በጥንታዊት ግብፅ ሙሚያዎች አካል ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። በኢትዮጵያም በአድዋ፣ በከሚሴ፣ በባቲ፣ በጣና ዙሪያና በሌሎች በርካታ አካባቢዎች ወንዝ የሚሻገሩ ገበሬዎችን፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችንና በኩሬ የሚዋኙ ሕፃናትን ሲያጠቃ ኖሯል።

የትሉ የሕይወት ዑደት ከስብ ጋር የተቆራኘ ነው። ከበሽተኛ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ የሚገባው እንቁላል ይፈለፈላል፤ እጩም በትናንሽ የውኃ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም ወደ ውኃው ተመልሶ የሰው ገላ ይፈልጋል። በቆዳችን ላይ የሚገኙት የስብ አሲዶች ቆዳውን ሰርስሮ እንዲገባ ያነሣሡታል። አድጎ በደም ሥር ውስጥ ከተቀመጠም በኋላ ትሉ የስብ አሲድንም ሆነ ኮሌስትሮልን ከመነሻው ራሱ መሥራት ስለማይችል፣ የሚያስፈልገውን ቅባት ከሰው ደም እየወሰደ ለዓመታት ይኖራል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተመራማሪዎች ዋና ጥያቄ ቀንድ አውጣውን በምን ማጥፋት ይቻላል የሚል ነበር።

በአድዋ ወንዝ ዳር

ዶክተር አክሊሉ ወደ አድዋ የሄዱት በወንዞቹ ውስጥ የሚገኙትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነው። በዚያም እናቶች እንዶድ ወቅጠው ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል በተለየ ሁኔታ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ሕያው ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በቤተ ሙከራ የተደረገው ምርመራም ይህንኑ አረጋገጠ።

እንዶድ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አልነበረም። ጋቢና ነጠላ ሲታጠብበት የኖረ፣ በየአጥሩና በየጓሮው የሚበቅል ተክል ነው። አረፋውም ለዘመናት በየወንዙ ሲፈስ ኖሯል። የዶክተር አክሊሉ ልዩ ድርሻ በዕለታዊ ሥራ ውስጥ የተሰወረውን ነገር አስተውለው ጥያቄ ማንሣታቸውና መልሱን በሙከራ መፈለጋቸው ነበር።

የሞለኪውሉ ምሥጢር

እንዶድ ቀንድ አውጣን ለምን እንደሚገድል ለመረዳት ስለ ስብ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የምንመገበው ቅቤና ዘይት በአብዛኛው ግሊሰሮል ከተባለ ሞለኪውል ጋር ከተያያዙ ሦስት የስብ አሲዶች የተሠራ ነው። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር የሚሰጠው አራት ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ጉልበት ሲሻ የስብ አሲዱን ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ያፈርሰዋል። ቁራጩ አሴቲል ኮኤንዛይም ኤ ይባላል፤ ማንነቱን ያሳወቁት ሊነን ናቸው።

ይህ ቁራጭ ለማገዶ ብቻ ሳይሆን ለግንባታም ያገለግላል። ሕዋሳት እነዚህን ባለ ሁለት ካርቦን ጡቦች ደረጃ በደረጃ እያያያዙ ስኳሊን የተባለ 30 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ይሠራሉ። እንስሳት ይህን ሰንሰለት አጥፈውና ቀርጸው 27 ካርቦን ያለውን ኮሌስትሮል ያወጣሉ። እንዶድ ደግሞ ያንኑ ሰንሰለት በሌላ መንገድ አጥፎ ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለውን 30 ካርቦን ያለው ሞለኪውል ይሠራል። በዚህም መሠረት በሕዋሳችን ሽፋን ውስጥ ያለው ኮሌስትሮልና በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ከአንድ መነሻ የተገኙ ዘመዳሞች ናቸው።

ተክሉ በዚህ ሞለኪውል ላይ የስኳር ሰንሰለት ሲያያይዝበት ሳፖኒን ይሆናል። የስኳሩ ጫፍ ውኃን ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ቅባትን ይወዳል። ሳሙና እድፍን ከልብስ የሚያላቅቀው በዚሁ ዓይነት ባለ ሁለት ጠባይ ነው። ነገር ግን የሕያው ሕዋስ ሽፋንም ከቅባትና ከኮሌስትሮል የተሠራ በመሆኑ፣ ሳፖኒኑ ከሽፋኑ ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ይበሳዋል። ውኃ ውስጥ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ገላው ለስላሳና የተጋለጠ ስለሆነ ይህን መቋቋም አይችልም።

እናቶች እንዶድን በውኃ መውቀጣቸውም የራሱ ምሥጢር አለው። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት የተያያዘበት ነው፤ በዚህ ሁኔታው ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ሲወቀጥና ውኃ ሲነካው በውስጡ የነበረ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ሳፖኒኑም ያን ጊዜ ኃይል ያገኛል። ኬሚስቶች ይህን በቤተ ሙከራ ከማረጋገጣቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ የወንዝ ዳር እናቶች ስሙን ሳያውቁ አሠራሩን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋናውን ሳፖኒን ነጥለው ባወጡ ጊዜ፣ ለዶክተር አክሊሉ ክብር ሲሉ ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት።

የአድዋ ሙከራና የረጅም ጊዜ ክርክር

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። በወንዞቹ ውስጥ እንዶድ እየተጨመረ የሕዝቡ ጤና ይከታተል ነበር። በአምስቱ ዓመታት ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የነበረው ደግሞ ከ63 በመቶ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ አለ። የሥነ ዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድ ዝርያዎችን እያነጻጸሩ አጥንተው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ብዙ ምርትና ብርቱ ኃይል ያለው ዝርያ መረጡ።

ውጤቱ እንዲህ ያማረ ቢሆንም እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት የሚመከረው በአውሮፓ ፋብሪካ የሚመረት ኬሚካል ነበር፤ ድሆች አገሮችም በውድ የውጭ ምንዛሪ ይገዙት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የደኅንነት ምርመራ እንዲደረግለት ጠየቀ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣን ይገድላል፣ ዱቄቱም ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል፣ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድልም ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ግን በውኃ ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚበሰብስና በገበሬው ማሳ ላይ የሚበቅል ነው።

ዶክተር አክሊሉን ያሳዘናቸው የምርመራው መጠየቅ አልነበረም። በአፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተሠራ ጥናት እንደ በቂ ማስረጃ አለመቆጠሩ ነበር። የችግሩ ሥር፣ በድሃ አገር ሳይንቲስቶችና ተቋማት ችሎታ ላይ እምነት ማጣት መሆኑን በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል። ቅሬታቸውን በቃል ብቻ አልተዉትም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥርና በዩኒሴፍ ባገለገሉባቸው ዓመታትም የእንዶድን ጉዳይ ይዘው ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በሉሳካ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ተካሄደ፤ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍም የተጠየቀው የደኅንነት ጥናት ተሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ፣ አማራጭ የኖቤል ሽልማት በሚል የሚታወቀውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያ ወቅት የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረሩ ትናንሽ ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈኑ ከፍተኛ ኪሣራ ያደርሱ ነበር። እንዶድ በእነርሱም ላይ ተሞክሮ እንደሚሠራ ታየ፤ የፈጠራ መብቱ ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። ይህም ዕውቀቱን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ማኅበረሰቦች ድርሻ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ አስነሣ። የባህላዊ ዕውቀት ባለቤትነት በተነሣ ቁጥር የእንዶድ ታሪክ እስካሁን ይጠቀሳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ።

ትምህርቱ ለዛሬ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ለምንኖር ሰዎች የዚህ ሳይንስ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በየገበያው ተፈጭቶ የሚሸጠው የሲድር ቅጠል፣ በአገር ቤት ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ቅጠል ነው። ፀጉር ይታጠብበታል፤ ሙስሊሞችም ጀናዛን በውኃና በሲድር ያጥባሉ። ቅጠሉ በውኃ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው፣ እንደ እንዶድ ሁሉ ሳፖኒን ስላለው ነው። በሁለት አገር የሚበቅሉ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ቅባትና ውኃን የሚያስታርቀውን አንድ ዓይነት ሞለኪውላዊ ጥበብ ይጋራሉ።

ቢልሃርዝያ ዛሬም አልጠፋም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ከ250 ሚሊዮን በላይ ነበር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ሆኖም የታከመ ሰው ወደ ተበከለው ውኃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መሄድ ይኖርባቸዋል። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሄዶ በወንዝ ወይም በሐይቅ የዋኘ ሰው፣ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ ለሐኪሙ ነግሮ መመርመሩ ይጠቅመዋል።

የዶክተር አክሊሉ ሥራ ከአንድ በሽታና ከአንድ ተክል የሚያልፍ ነው። የስብንና የስኳርን ኬሚስትሪ በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ከመረመሩት ሊቃውንት ባልተናነሰ፣ በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶች እጅም ትምህርት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ያንን ትምህርት በሳይንስ ቋንቋ ጽፈው ለዓለም ሲያቀርቡም፣ ሥራው የተሠራው በአድዋና በአዲስ አበባ መሆኑን ለመናገር አላፈሩም።