ሸክሙን ብቻቸውን የያዙት ፕሬዚዳንት

ዕድር የሚቆመው በመዋጮና በመተማመን ነው። መዋጮው ቢጎድል ሁላችንም ተረባርበን እንሞላዋለን፤ መተማመኑ ከጎደለ ግን በምን ይሞላል? ይህ በራሳቸው ላይ የደረሰባቸውን የአንድ አሜሪካዊ ምሁር ታሪክ፣ ለአባላት ትምህርት ይሰጣል በማለት እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግራንቪል ስታንሊ ሆል የተወለዱት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ አሽፊልድ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በ1867 ከዊሊያምስ ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ መንፈሳዊ ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ይሁንና ልባቸው የሰውን አእምሮ ወደ መመርመር አዘነበለ። በ1878 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዊሊያም ጄምስ ሥር አጥንተው፣ በአሜሪካ በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ከዚያም ጀርመን ተሻግረው፣ አእምሮ በላቦራቶሪ እንዴት እንደሚጠና ላይፕሲክ ከተማ ከዊልሄልም ዉንት ዘንድ ተመለከቱ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። እዚያም ላቦራቶሪ አቋቋሙ፤ በ1887 ደግሞ የሥነ ልቦና መጽሔት መሠረቱ። እንግዲህ ስማቸው በዚህ ሁኔታ ከታወቀ በኋላ ነው ጆናስ ክላርክ የተባሉ ባለጠጋ ነጋዴ የጠሯቸው። ሚስተር ክላርክ በዉስተር ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም ተነሥተው፣ ለመነሻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ነበር። ፕሮፌሰር ሆል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ክላርክ ዩኒቨርሲቲም በ1889 ተከፈተ።

ታዲያ ነገሩ ገና ከጅምሩ አላማረም። ፕሮፌሰሩ የፈለጉት ከፍተኛ ምርምር ብቻ የሚካሄድበት ቤት ነው፤ መሥራቹ ደግሞ የአካባቢው ወጣቶች የሚማሩበት ኮሌጅም ይኑር ባይ ነበሩ። ሁለቱ አልተግባቡም፤ መሥራቹም የሚሰጡትን ገንዘብ በየዓመቱ እየቀነሱ ሄዱ።

በዚህ መካከል በ1890 የባሰ መጣ። ፕሮፌሰሩ ታመው ለማገገም ገጠር በሄዱበት ሰዓት ባለቤታቸውና ትንሿ ሴት ልጃቸው ቤት ውስጥ በጋዝ ታፍነው ሞቱ። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ቀረላቸው። እንዲህ ያለ ሐዘን ምን እንደሚመስል ለእኛ ለዕድርተኞች ማስረዳት አያስፈልግም። እሳቸው ግን ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የገንዘቡ ነገር በሁለቱ መካከል እንዲቀር ሚስተር ክላርክ ይፈልጉ ስለነበር፣ ፕሮፌሰሩ ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። መምህራኑ የተባለላቸው ሁሉ ለምን እንደቀረ ከፕሬዚዳንታቸው አልሰሙም። መቼም ያልተነገረው ሰው የራሱን ግምት መያዙ አይቀርም፤ ፕሬዚዳንቱ ቃላቸውን አይጠብቁም ተባለ። በ1892 መጀመሪያ ብዙዎቹ መምህራን እምነት አጥተንባቸዋል ብለው የመልቀቂያ ጽሑፍ ፈረሙ። በዚያው ሰሞን አዲሱን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያቋቁሙ የነበሩት ዊሊያም ሃርፐር መጥተው መምህራኑን ያነጋግሩ ጀመር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መምህራን ለቀቁ፤ ብዙዎቹም ወደ ቺካጎ ሄዱ። ከእነዚህ አንዱ ኋላ በ1907 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት አልበርት ማይክልሰን ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ዘግቶ በሄደ ነበር። ፕሮፌሰር ሆል ግን በቀሩት ጥቂት ሰዎች ሥራውን ቀጠሉ። በዚያው በ1892 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በእሳቸው ጠሪነት ተመሥርቶ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እስከ 1898 ድረስ በአሜሪካ በሥነ ልቦና ዶክተር ከሆኑት 54 ሰዎች መካከል 30ዎቹ የእሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። በ1904 ስለ ጉርምስና ዕድሜ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጡ። በ1909 ለዩኒቨርሲቲው 20ኛ ዓመት ሲግመንድ ፍሮይድንና ካርል ዩንግን ከአውሮፓ ጋበዙ፤ ፍሮይድ አሜሪካን የረገጡት በዕድሜያቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መሥራቹ የተመኙት ኮሌጅም እሳቸው ከሞቱ በኋላ በኑዛዜያቸው መሠረት በ1902 ተከፈተ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ሌላ ሰው ነበር።

ሰውየውን ስናመሰግን ጥፋታቸውን አንሸፍንም። ስለ ጉርምስና በጻፉት መጽሐፍ አፍሪካውያንንና ሌሎችን ሕዝቦች ገና እንዳልበሰሉ ጎረምሶች ቆጥረዋል፤ ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። የገዛ ተማሪያቸውም ማስረጃ ነው፤ ፍራንሲስ ሰምነር በ1920 በእሳቸው ሥር ተምረው፣ በሥነ ልቦና ዶክተር ለመሆን የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ፤ ኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሉን ለብዙ ዓመታት መሩ።

ፕሮፌሰር ሆል በ1920 ጡረታ ወጡ፤ በ1922 ስለ እርጅና መጽሐፍ ጽፈው በ1924 ዐረፉ።

እኛ እንደሚመስለን መምህራኑን የበተናቸው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን አለማወቃቸው ነው እንጂ። ብዙዎቹ እውነቱ ቢነገራቸው ኖሮ ምናልባት ችግሩን አብረው በተሸከሙ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! ስለዚህ በየጊዜው ለምንመርጣቸው ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ አደራ የምንለው፣ ሣጥኑ ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ሲጎድልም ለጉባኤ ይንገሩን ነው። እኛም አባላት የጉድለት ወሬ ስንሰማ ከመቆጣታችን በፊት እንጠይቅ፤ ሸክሙንም እንካፈል።