ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአስማት ፍርሃት

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል በመጽሐፍ ዕውቀታቸው፥ በሥርዐት ወዳድነታቸውና በቍጣቸው ስማቸው የታወቀ ንጉሥ ናቸው። ከ1426 ዓ.ም. እስከ 1460 ዓ.ም. ድረስ 34 ዓመት ነገሡ። በጦር ሜዳ የሚታዩ ጠላቶችን ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታገሉት የኖሩት ጠላት በዓይን የማይታይ ነበረ። እርሱም ጥንቈላና አስማት ነው። ይህ ትግል መልካም ፍሬ አፍርቶአል፤ ብዙ ዕንባም አስፈስሶአል።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ በነበረው በፈጠጋር አገር ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፥ እናታቸውም ንግሥት እግዚእ ክብራ ይባሉ ነበረ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ በ20 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገሥታት ተፈራርቀው በዙፋን ተቀመጡ፤ ከእነርሱም መካከል ከጥቂት ወራት በላይ ያልነገሡ ነበሩ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች በመንግሥት እንዳይጣሉ በአምባ ግሼን ላይ በዘበኛ ይጠበቁ ነበረ። አምባ ግሼን ዙሪያው ገደል የሆነ ከፍተኛ ተራራ ነው። ዘርዐ ያዕቆብም የዚያ ተራራ እስረኛ ነበሩ። በዚያ የሚኖር ሰው መጽሐፍ ለማንበብ ብዙ ጊዜ አለው፤ ነገር ግን ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ እየተጠራጠረ ይኖራል። ዘርዐ ያዕቆብ ከተራራው ሲወርዱ ሁለቱንም ይዘው ወረዱ፤ በአንድ በኩል የመጽሐፍ ፍቅርን፥ በሌላው በኩል ጥርጣሬን።

በነገሡ ጊዜ መንግሥታቸው ሰፊ ነበረ። በውስጡም ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሕዝቦች ይኖሩ ነበረ። በክርስትና የተጠመቁትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ለስም ብቻ ነበሩ። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከብት ሲጠፋባቸው ወይም ልጅ ሲታመምባቸው ግን ወደ ጠንቋይ፥ ወደ ሟርተኛና ወደ ኮከብ ቈጣሪ ይሮጣሉ። ደስክና ዲኖ ለሚባሉ መናፍስት የሚሰግዱም ነበሩ።

አስማት ማለት በግእዝ ስሞች ማለት ነው። አስማተኞች የእግዚአብሔርን፥ የመላእክትንና የአጋንንትን ስውር ስም ያወቀ ሰው መናፍስትን ማዘዝ ይችላል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ስሞቹን በብራና ላይ ይጽፋሉ። በኢትዮጵያ ክታብ የሚባለው ይህ ነው። ክታቡ ብዙ ጊዜ እንደ ባለቤቱ ቁመት እንዲረዝም ሆኖ ይቈረጣል፤ በላዩም የባለቤቱ ስም፥ ጸሎትና ጠልሰም የሚባል ሥዕል ይደረግበታል። በሥዕሉ ውስጥ ሰይፍ የያዘ መልአክና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይገኛሉ። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያንና እርስዋን ያሸነፈውን ቅዱስ ሱስንዮስን የሚያነሣ ክታብም አለ። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ከተሰፋ በኋላ በአንገት ይንጠለጠላል።

እንዲህ ያለ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአውሮፓም የሰሎሞን ቁልፍ የሚባል የአስማት መጽሐፍ ነበረ። የአውሮፓ አስማተኞች በምድር ላይ ክብ ሥለው፥ የከዋክብትን ሰዓት ቈጥረው፥ ልዩ ልብስ ለብሰውና ዕጣን አጢሰው የመላእክትን ስም በመጥራት መናፍስት ይታዘዙልናል ይሉ ነበረ። በኢትዮጵያም መርበብተ ሰሎሞን የሚባል ጸሎት አለ፤ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያዘ ይላሉ። ሁለቱ አገሮች በባሕር ተለያይተው ሳሉ በአንድ ንጉሥ ስም አንድ ዓይነት ተስፋ አደረጉ።

የመልአክን ስም መጥራት ግን ሁሉ አስማት አይደለም። በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ በቅዱስ ራጉኤል ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዙሪያው ያለው ሰፈርም ራጉኤል ይባላል። ራጉኤል በመጽሐፈ ሄኖክ ከተጠሩት ሊቃነ መላእክት አንዱ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ቋንቋ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ይህን መጽሐፍ ለማይቀበሉት ሰዎች በብርቱ ተሟግተውለታል። በቤተ ክርስቲያን የመልአክ ስም ለመታሰቢያ ይጠራል፤ የሚለመነውና ፈቃዱ የሚጠበቀው ግን እግዚአብሔር ነው። አስማተኛው ግን ያንኑ ስም እንደ መክፈቻ ቁልፍ በእጁ ይዞ የራሱን ፈቃድ ሊፈጽምበት ይሻል። ጸሎት ልመና ነው፤ አስማት ትእዛዝ ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ልዩነት ሕዝቡ እንዲያውቅ ወደዱ። በመጀመሪያ የያዙት መንገድ የትምህርት መንገድ ነበረ። ካህናት በቅዳሜና በእሑድ ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዙ። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ የሚባሉት መጻሕፍት በእርሳቸው ስም የተጻፉ ናቸው፤ በመጽሐፈ ብርሃንም ጥንቈላን፥ ሟርትንና አስማትን በጽኑ ነቀፉ። የእመቤታችንን በዓላት አበዙ፤ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አደረጉ። ስለ ሰንበት ለብዙ ዘመን ተለያይተው የነበሩትንም መነኰሳት በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ሰብስበው አስታረቁ። በጦርነትም በ1438 ዓ.ም. በልደት ቀን የአዳልን ሡልጣን በድላይን በጎሚት ድል ነሡ። ዝናቸውም ከአገራቸው አልፎ ወደ ሩቅ ወጣ፤ በስፔን አገር ወዳለው ወደ አራጎን ንጉሥም መልእክተኞች ላኩ።

ንጉሡ ግን ትምህርት ቀስ ብሎ እንደሚያድግ አይተው አልታገሡም። ክርስቲያን ሁሉ በልብሱ፥ በጦር መሣሪያውና በማረሻው ላይ የመስቀል ምልክት እንዲያደርግ አዘዙ። ከዚህም በላይ በግንባሩ ላይ የሥላሴ መሆኑን፥ በቀኝ ክንዱ ላይ ሰይጣንን መካዱን፥ በግራ ክንዱም ላይ ደስክን ክዶ የማርያም አገልጋይ መሆኑን እንዲጽፍ አወጁ። እንቢ ያለ ሰው ይቀጣ ነበረ። በአንገት የተንጠለጠለ ብራና የሰውን ልብ እንደማይለውጥ ሁሉ፥ በግድ በግንባር ላይ የተጻፈ ቃልም ልብን አይለውጥም። ሕዝቡ የታዘዘውን ጻፈ፤ በልቡ ያለው ግን በልቡ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የክስ ዘመን መጣ። በስውር ለደስክ ይሰግዳል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ከሞት የሚያመልጠው በጭንቅ ነበረ። በዚህ ዓይነት ክስ ምስክር ማምጣት ቀላል ነው፤ ንጹሕ መሆንን ማስረዳት ግን ከባድ ነው፤ ሰው ሌሊት በጓዳው ያላደረገውን ነገር በምን ያሳያል? ባልንጀራውን የሚጠላ ሰው የክስን ኃይል ዐወቀ፤ ቂምም የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ወደ አደባባይ ወጣ። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑት መነኰሳትም ለንጉሥና ለሥዕል አንሰግድም ስላሉ በብርቱ ተሠቃዩ፤ እነርሱ ጠንቋዮች አልነበሩም፤ የራሳቸው ሥርዐት የነበራቸው መናንያን ነበሩ።

ክሱ ከቤተ መንግሥት ደጅ አልቆመም። የንጉሡ ልጆች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ለደስክና ለዲኖ ሰገዱ ተብለው ተከሰሱ። አባትየው እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ፈረዱባቸው። ልጆቹ በጽኑ ተገረፉ፤ ከእነርሱም በመከራው የሞቱ ነበሩ። ንጉሡም ሕዝቡን ሰብስበው በልጆቻቸው ላይ ያደረጉትን አስታወቁ፤ ለራሳቸው ልጆች እንኳ እንዳልራሩ ገለጡ። የተሰበሰበው ሕዝብም አለቀሰ። ሕዝቡ ደስክን ስለ ጠላ ያለቀሰ አይደለም፤ የአባት እጅ በልጆቹ ላይ ስለ ከበደ ነው እንጂ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኋለኛው ዘመናቸው በደብረ ብርሃን ከተማ ተቀመጡ። ከተማይቱ ይህን ስም ያገኘችው በሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ስለ ታየ ነው። ንጉሡ ብርሃኑን የእግዚአብሔር ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ በስፍራውም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። የዛሬ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. በብዙ አገር የታየው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ ኮከብ ሃሌይ ይባላል፤ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ተመልሶ ይታያል።

ስሙ የብርሃን በሆነ ከተማ ውስጥ የንጉሡ ልብ ግን ዕረፍት አላገኘም። ጠላቶቻቸው መድኀኒት ያደርጉብኛል ብለው ስለ ፈሩ፥ ካህናት ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ መዝሙረ ዳዊት እየደገሙ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጠበል ይረጩ ነበረ። አገሩን ከአስማት ሊያነጻ የተነሣው ታላቅ ንጉሥ ከአስማተኞች ሁሉ ይልቅ አስማትን የሚፈራ ሆነ። ጠንቋይ ዘንድ የሚሄድ ድኻ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈራ ነበር፤ ንጉሡ ግን በየሌሊቱ ፈሩ።

በ1454 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ለልጅዋ መንግሥት ልታወጣ ትመክራለች ተብላ ተከሰሰች። ተገረፈች፤ በዚያም ምክንያት ሞተች። በእደ ማርያም እናቱን በስውር ዐዘነላት፤ ለመታሰቢያዋም ዕጣን አሳረገላት። አባቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጥተው አሰሩት። መነኰሳት ግን ስለ እርሱ ማለዱ፤ ንጉሡም በመጨረሻ ታረቁት፤ አልጋ ወራሽም አደረጉት።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ሞቱ። አስከሬናቸው ከብዙ ዘመን በኋላ በጣና ሐይቅ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ተወስዶ በዚያ ይገኛል። በእደ ማርያም በነገሠ ጊዜ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ አባቱ ያሰሩአቸውን ሰዎች መፍታት ነበረ። በእናቱ ሞት የተጐዳውና ራሱም የታሰረው ልጅ የእስራትን ምሬት ስላወቀ፥ በቀልን ትቶ ምሕረትን መረጠ።

አስማትስ ጠፋን? አልጠፋም። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት አልፎ የተጻፉ ክታቦች ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ሳይቀር ይገኛሉ። በአውሮፓም ከዚያ ዘመን በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ጠንቋዮች ናቸው ተብለው በእሳት ተቃጠሉ፤ በዚያም ቢሆን እሳቱ አስማትን አላጠፋም፤ ሰውን እንጂ። በንጉሡ ትእዛዝ በግንባር ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ከባለቤቶቹ ጋር መቃብር ወረደ። መጻሕፍታቸው ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ሕዝብን ሰብስቦ የማስተማር ሐሳባቸውም ከሥራቸው ሁሉ የሚመሰገን ሆኖ ይኖራል። ከሥራቸው የቀረው በጅራፍ የተሠራው አይደለም፤ በብራና የተሠራው ነው።

ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚያነብ ልጅ ሁለት ነገር ያስተውል። መጀመሪያ፥ በስውር ስም ዕድልን ለማዘዝ ከሚሻ ሰው ይራቅ፤ ቢታመም ሐኪም ዘንድ ይሂድ፥ ቢጨነቅ ይጸልይ፥ ባያውቅ ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ባልንጀራውን ጠንቋይ ነው ወይም ቡዳ ነው ብሎ ለመክሰስ አይቸኵል፤ ክፉ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ንጉሥ እንኳ ሊመልሰው አይችልምና። ጨለማ በዱላ ቢመቱት አይወጣም፤ መብራት ሲገባ ግን ራሱ ይወጣል።