ተራራን በማዕዘን የለካ ሊቅ
(የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ)

በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ቆሞ የመቀሌን ዙሪያ የሚመለከት ተማሪ ተራራ ከተራራ በላይ ተደራርቦ ያያል። ከእነዚህ ተራሮች አንዱ ምን ያህል ይርቃል ቢባል፥ ብዙዎቻችን በግምት እንመልሳለን። ሳይገምቱ በትክክል መመለስ የሚቻልበትን መንገድ የሚያስተምረን ጂኦሜትሪ ነው። ይህን ትምህርት ይዞ ወደ አገራችን በመምጣት ተራሮቻችንንና ወንዞቻችንን በሂሳብ መርምሮ በካርታ ላይ ያሰፈረው አንቷን ዳባዲ ስለሆነ፥ ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ፥ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ የባስክ አገር፥ እናቱ ከአየርላንድ ነበሩ። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በዚያ አደገ፥ ተማረም። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለምርምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ ከተመለሰ በኋላ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ሆኖ በ1838 ምጽዋ ደረሰ። ወደ ዓድዋና ወደ ጎንደርም ተጓዘ። ይህም የሆነው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መናገሻ ከማድረጋቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ዳባዲ ይዞት የመጣው መሣሪያ ለሥራው የማይበቃ መሆኑን ባየ ጊዜ የተሻለ ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። እንደገና መጥቶም እስከ 1848 ድረስ በአገራችን ቆየ። የአገሩን ልብስ እየለበሰ፥ ቋንቋውን እየተማረ፥ ዓይኑን ቢያመውም ሥራውን ሳይተው ከትግራይ እስከ እናርያና እስከ ከፋ ድረስ ተዘዋወረ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንምጣ። መሬት የሚለካ ሰው አስቀድሞ አንድ መስመር በሰንሰለት ይለካል፤ ከዚያም በማዕዘን ሌላውን ያገኛል። ነገር ግን ገደል በበዛበት አገር ረጅም ሰንሰለት መዘርጋት ለአንድ መንገደኛ የማይቻል ነው። ስለዚህ ዳባዲ ሌላ ዘዴ ተጠቀመ። በከዋክብትና በፀሐይ ከፍታ የሁለት ተራሮችን ኬክሮስ ያገኛል፤ ከአንዱ ሆኖ ሌላው ከሰሜን በስንት ዲግሪ ዘንበል እንዳለ ይለካል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንበልና የሁለቱ ተራሮች ልዩነት የዲግሪ አንድ አሥረኛ፥ ማዕዘኑም 60 ዲግሪ ቢሆን፥ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 11.1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን በ60 ዲግሪ ኮሳይን፥ ማለት በ0.5 ብናካፍለው በተራሮቹ መካከል 22.2 ኪሎ ሜትር መኖሩን እናገኛለን። ይህ መስመር ከታወቀ ዘንድ ከሁለቱም ጫፍ የሚታየው ሦስተኛ ተራራ በማዕዘን ብቻ ይገኛል፤ ከሦስተኛውም አራተኛው፥ እንዲህ እያለ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ ይቀጠላል።

ተራራ ያለ ስም በካርታ ላይ ቢሰፍር ጥቅሙ ጥቂት ነው። ስሙን የሚያውቁት ደግሞ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የዳባዲ ካርታ በእረኛው፥ በገበሬውና በመንገደኛው ዕውቀትም የተሠራ ነው ማለት ይገባል። የሰበሰበውን ቁጥር ሁሉ አስልቶ ለመጨረስ ከጉዞው የበለጠ ዘመን ፈጀበት። ሮዶልፍ ራዶ የተባለ ሊቅ እያገዘው፥ የኢትዮጵያን ምድር ልኬት የያዘው መጽሐፉ ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። በ1881 ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ፥ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ሊቅ ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ግቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ስላመነ በ1846 ከወንድሙ ጋር በምንጩ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። ግቤ ግን ወደ ኦሞ፥ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስም። ዳባዲ ወንዙን ተከትሎ እስከ መጨረሻው አልሄደም ነበር። በማዕዘን የለካው ሥራ ሲያስመሰግነው፥ ሳይለካ የገመተው አሳሳተው።

በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፥ በ1892 ፕሬዚዳንት ሆነ። በፈረንሳይ ደቡብ፥ በአንዳይ ባሠራው ግንብ ውስጥ የኢትዮጵያ ሥዕሎችና የግዕዝ ፊደል ጽሑፎች ይታያሉ። በዚያም ከዋክብትን የሚመረምርበት ቤት ነበረው፤ መሣሪያውም ክብን በ360 ሳይሆን በ400 የሚከፍል ነበር። ግንቡን ለአካዳሚው አውርሶ በ1897 በፓሪስ ዐረፈ።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፥ ሳይንና ኮሳይን ለፈተና ብቻ የሚጠኑ አይምሰለን። የራሳችንን ተራራ ራሳችን እንለካ ዘንድ ትምህርቱ በእጃችን ነው። ስንለካም የለካነውንና የገመትነውን ለይተን እንጻፍ፤ የዳባዲ ሕይወት ሁለቱን መለየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስተምረናልና።