ፊልም ያልነበረው የፊልም ትምህርት ቤት፦ የሌቭ ኩሌሾቭ ታሪክ

ዛሬ ከሞተ 50 ዓመት ያለፈውን ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ያለ ምክንያት አይደለም።

የማጀቴ፣ የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ልጆች አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ፊልም መማር ትፈልጋላችሁ፤ የግል ማሰልጠኛዎቹ ግን አዲስ አበባ ናቸው። ክፍያው አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ ካሜራው አለ። ቤተሰብ ማሾ ሸጦ የያዛት ብር ደግሞ አንዴ ከወጣች እስከ ከርሞ አትመለስም። እና ምን ይሻላል?

እስቲ ይህን ሰው እዩት።

ሌቭ ኩሌሾቭ እ.ኤ.አ. በ1899 ሩሲያ ውስጥ ታምቦቭ ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፤ ከእናቱ ጋር ሞስኮ ገብቶ ሥዕል ተማረ። በ17 ዓመቱ ለዳይሬክተር የቭጌኒ ባወር ፊልሞች ዲኮር መሥራት ጀመረ። በ1918 ደግሞ የራሱን ፊልም አወጣ።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። አብዮት፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ረሃብ ተከታተለ። ካሜራ ውስጥ የሚገባው ጥሬ ፊልም ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ እሱም ጠፋ። የሞስኮ የመንግሥት ፊልም ትምህርት ቤት የተከፈተው እንግዲህ በዚህ ጭንቅ መሀል፣ በ1919 ነው። ኩሌሾቭ ገና በ20 ዓመቱ እዚያ ማስተማር ጀመረ። ፈተና የወደቁ ተማሪዎችን ሰብስቦ አሰለጠናቸው፤ ድጋሚ ተፈትነው አለፉ።

ያለ ፊልም እንዴት ፊልም ይማራሉ? መድረክ ላይ ሠሩት! እያንዳንዱን ሾት በአጭር ትዕይንት እየከፋፈሉ፣ ሰዓት እየቆጠሩ፣ ልክ የሚቀረጽ ይመስል ይጫወቱት ነበር። ያረጁ ፊልሞችንም እየቆረጡ እንደገና ይቀጥሉ ነበር።

ዝነኛው ሙከራው የመጣው ከዚህ ነው። የአንድ ተዋናይ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ወሰደ። አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ከሴት ጋር አያይዞ አሳየ። ተመልካቹ ሰውየው ተራበ፣ አዘነ፣ ወደደ ብሎ አመነ። ፊቱ ግን ያው አንዱ ነበር! ቁራጩ ፊልም ዛሬ የለም፤ ትምህርቱ ግን በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይሰጣል።

ሌላም ሞከረ። የተለያየ ሰፈር የተቀረጹ ሁለት ሰዎችን በኤዲቲንግ አንድ ቦታ አገናኛቸው። ከፊታቸው ደግሞ የአሜሪካውን ዋይት ሃውስ ደቀነላቸው፤ ሞስኮ ሆነው!

ፑዶቭኪንና ባርኔት የእሱ ተማሪዎች ናቸው። አይዘንስታይንም ለአጭር ጊዜ ከሥሩ ተምሯል።

በ1930ዎቹ ግን ለቅርጽ እንጂ ለሕዝብ አይጨነቅም ተብሎ ተወነጀለ። በአደባባይ ስህተቴ ነው እንዲል ተገደደ፤ እንደ ልቡ ፊልም መሥራት አልቻለም። ማስተማሩን ግን አልተወም። በ1941 የዳይሬክቲንግ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1944 የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆነ። በ1970 ሞስኮ ውስጥ በ71 ዓመቱ አረፈ።

ማሰልጠኛ አያስፈልግም እያልን አይደለም። መምህርና የሥራ ጓደኛ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ኩሌሾቭም ዕድሜውን የሰጠው ለትምህርት ቤት ነው። ግን የማሾውን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ማሰልጠኛውን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በቆይታችን ስንት ሥራ በእጃችን ሠርተን እንወጣለን በሉ። ሰርተፍኬት ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ቆም በሉ።

እስከዚያው እሱ ያጣው ነገር ኪሳችሁ ውስጥ አለ። የጓደኛችሁን ፊት በስልካችሁ ቅረጹ፤ ምንም ስሜት አያሳይ። ቀጥሎ የማጀቴን ገበያ፣ ባዶ ትሪ፣ የተዘጋ በር ለየብቻ ቅረጹና ከፊቱ ጋር አያይዟቸው። ከዚያ ለእናታችሁ አሳዩና ልጁ ምን ሆኖ ነው ብላችሁ ጠይቋቸው።

የመጀመሪያው ክፍል ተጀመረ ማለት ነው። መልካም ሥራ!